መምሬ የፈቀዱት ሽሮፕ

መምሬ ዘውዴ ማረፋቸውን የነገረችኝ ከመድኃኒት ቤቴ አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት። በሩን ገና ከፍቼ ወለሉን እየጠረግኩ ነበር። «ሰማሽ? መምሬ አረፉ እኮ» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፈች። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ ሳይሆን ንዴት ነው። «አሁን ነው እንዴ የሚሞቱት!» አልኩ ጮክ ብዬ። ባዶ ቤት ውስጥ ከሞተ ሰው ጋር የምጣላ እኔው ነኝ።

በቁማቸው ሳሉም መጣላት ብርቃችን አልነበረም። መምሬ የቤታችን የንስሐ አባት ነበሩ። እናትና አባቴን ያጋቡ፣ እኔን ክርስትና ያነሡ፣ አባቴን ፈትተው የቀበሩ እሳቸው ናቸው። የከተማችን የመሐል ሜዳ ግማሽ ሰው የእሳቸው የንስሐ ልጅ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። አጭር ሰው ነበሩ፤ ሳቃቸው ግን ከቁመታቸው ይረዝም ነበር። ከባድ ጥያቄ የመጣባቸው እንደሆነ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ራሰ በራቸውን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ይዳብሳሉ። መልሱ የሚመጣው ጥምጣሙ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ካልተመለሰ መልስ የለም ማለት ነው፤ ይህን የንስሐ ልጆቻቸው ሁሉ እናውቃለን።

ፋርማሲ ተምሬ ወደ አገሬ ተመልሼ ሥራ ስጀምር «ሐኪሟ» ይሉኝ ጀመር።

«ሐኪም አይደለሁም እኮ መምሬ። ሐኪም ያዛል፤ እኔ የታዘዘውን እሰጣለሁ።»

«እንግዲያው ሥራችን አንድ ነው። እኔም የታዘዘውን ነው የምሰጥ።»

«የእርስዎን ግን ሰው አይውጠውም።»

«ያንቺንስ? ሻል ሲለው ጣራ ሥር ይወሽቀዋል!» ብለው ሳቁ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎችም አብረዋቸው ሳቁ።

የእሳቸው መድኃኒት ቀኖና ነበር። አሰጣጣቸው ግን ከሌሎቹ ቄሶች ይለያል። አንድ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ የክፍል ጓደኛዬን ክፉኛ አምቼ ንስሐ ገባሁ። ስግደት አዘዙኝና «ግማሹን እኔ እችልልሻለሁ» አሉኝ። ለማባበል ያሉት መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ከግቢው ጽድ ዛፍ ሥር ሲወድቁ ሲነሡ አገኘኋቸው። ላባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ይኼ ያንቺ ነው፤ ድርሻሽን ጀምሪ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሐሜት ተውኩ አልልም፤ ባማሁ ቁጥር ግን የእሳቸው ጉልበት ይታየኛል።

አሁን ወደ ሽሮፑ ልምጣ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ አገር የማይስል ቤት የለም። ስለዚህ የሳል ሽሮፕ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አያውቅም። የአረቄ ጠርሙስ ይዞ የታየ ልጅ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። የሽሮፕ ጠርሙስ የያዘ ልጅ ግን «ምነው፣ አመመህ? እግዜር ይማርህ» ተብሎ ይታለፋል። መንገዱ እየተዘጋ፣ ትምህርቱም እየተቋረጠ ሥራ ፈተው የተቀመጡት ወጣቶች ይህን ከሁላችን ቀድመው ተረዱት። የፈለጉት ሁሉንም ሽሮፕ አልነበረም፤ ያንን የሚያደነዝዘውን፣ እንቅልፍ የሚያመጣውን ዓይነት ብቻ ነው። እኔ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሸጠውም ነበር። ገበያ ውስጥ ግን በዘንቢል ሥር ይሸጥ ጀመር።

ስሙን ለመከተል ያየሁት አበሳ! መጀመሪያ «ባና» አሉት። ባና ያው የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን ነው፤ ሲጠጡት ስለሚሞቃቸው መሰለኝ። «ባና አለሽ?» የሚለኝን ልጅ ወደ ገበያ ስልከው ከደጅ የቆሙት ጓደኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ነገሩ ሲገባኝ «አጎቴ» ሆነ፤ «አጎትህ መጣ?» ይባባላሉ። እሱን ስደርስበት ደግሞ «ሞላሌ ደርሼ መጣሁ» ማለት ጠጣሁ ማለት ሆነ፤ ለእውነት ሞላሌ ገበያ ውሎ የመጣውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመርን። ቀየት በምትባለው ጎረቤት አገር ያሉት ልጆች ግን ባና የሚሉት ክኒን ነው ሲባል ሰማሁ። አንዱ አባት፣ ወሬውን የሆነ ቦታ ሰምቶ፣ ልጁ ማታ «ባና ጨምሩልኝ» ቢለው በአለንጋ ገረፈው። ልጁ በርዶት ነበር።

ስለ ወጣቶች ሱስ ስብሰባ ሲጠራ ከቄሶቹ መምሬ ሄዱ። እኔ መድኃኒት ቤቱን ትቼ መሄድ አልቻልኩም፤ የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከከተማ የመጣው አሰልጣኝ አዲስ አበባ ውስጥ ሱሱ የሚጠራባቸውን ስሞች በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሞላው አሉ። ሽማግሌዎቹ አንዱንም አያውቁት፤ ወጣቶቹም አያውቁት፤ ከኋላ ሆነው ይሳሳቃሉ።

«እጄን አውጥቼ፣ ልጄ፣ ስሙን ተወውና መልኩን ንገረን አልኩት» አሉኝ።

«ምን አለ?»

«ዕፅ ነው አለ። እኔም ቅጠል ነው ብዬ መጣሁ።»

ያን ቀን ሰው በዝቶብኝ ነበር፤ ስቄ ሸኘኋቸው። የዐቢይ ጾም ገና አልገባም ነበር።

ጾሙ ሲገባ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶች ተሰብስበው መጡና ጠየቋቸው። «መምሬ፣ ሳል አላስቀምጥ ብሎናል። የሳል መድኃኒት በጠዋት ብንጠጣ ጾማችን ይሻራል?» መምሬ እንዴት ደስ እንዳላቸው! ስንት ዘመን ሙሉ ወጣቱ ጾም ረሳ እያሉ ሲያዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጎረምሶች ተሰልፈው ስለ ጾም ጠየቋቸው። ለእነሱ ብቻ መልሰው አላበቁም። እሑድ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው «የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይጠጣ፤ ጾም ይሻርብኛል ብሎ አይፍራ። እናቶችም አትከልክሉ» ብለው አስተማሩ።

በሳምንቱ እትዬ አስናቀች መጡ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ሳሙኤልን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሳሙኤል ዲያቆን ነው። ድምፁን ለሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ እሱ የሚቀድስበት ቀን የደከማቸው ባልቴቶች እንኳ ከመቋሚያቸው ቀና ይላሉ። ያን ሰሞን የያዘው ሳል ግን አልለቀው ብሎ ነበር። የሚያስለው ዲያቆን ደግሞ ቅዳሴ አይገባም፤ ቆርቦ ምራቅ መትፋት የለምና። እናቱን ያስጨነቃቸው ይኸው ነበር።

«ያንን የሚያስተኛውን ስጪኝ» አሉኝ።

«ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም፣ እትዬ። ለሳሉ የሚሆን ሌላ አለኝ።»

«ሌላውን አይፈልግም። መምሬ ፈቅደዋል እኮ!»

«መምሬ ሐኪም ናቸው?»

ተቆጥተው ወጡ። ሌላ ቦታ ሳይፈልጉት እንደማይቀሩ ገመትኩ፤ ከእሳቸው በኋላ ሌሎች እናቶች «መምሬ ፈቅደዋል» እያሉ መጡብኝና ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ ወደ መምሬ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ያ ዕፅ የተባለው ቅጠል እንዳልሆነ፣ ባና የሚሉትም፣ አጎቴ የሚሉትም ሽሮፕ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ሽሮፕ?»

«ሽሮፕ።»

«ይኼ ሕፃናቱ የሚጠጡት?»

«የሕፃናቱ ሌላ ነው። ይኼ ያደነዝዛል፤ ሲቆይ ያለ እሱ መኖር ያቅታል። ሲበዛም ትንፋሽ ያቆማል።»

ጥምጣማቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ራሳቸውን ግን አልዳበሱም፤ እጃቸው ወደ ላይ ሊሄድ ጀምሮ መንገድ ላይ ቀረ። «በአፌ ፈቀድኩላቸው እኮ» አሉ። «እናቶች አትከልክሉ አልኩ።» ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተነሥቼ እጃቸውን ስሜ ሄድኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ያደረጉትን ግን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው «ባለፈው ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እንቅልፍ የሚያመጣውን የሳል ሽሮፕ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የጠጣም፣ የሸጠም፣ ገዝቶ የሰጠም ንስሐ ይግባ።» ካህን ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሴት ኮራሁባቸው። አለቀ፣ ደቀቀ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ምኑ አለቀ! ከኋላ የቆሙት አሮጊቶች የሰሙት መምሬ መድኃኒት አወገዙ የሚለውን ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን ጀምረው የነበሩ አንዲት ባልቴት ክኒናቸውን ከምድጃ ጨመሩት። አንዱ ሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒቱን ተወ። መምሬ ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ያገኙትን ጠርሙስ ሁሉ በካባቸው ሥር እየሸጎጡ ወደ እኔ ያመጣሉ።

«ይኼስ ይጠጣል?»

«የአንጀት ነው፤ ይጠጣል።»

«ይኼስ?»

«የዐይን ጠብታ ነው እኮ መምሬ!»

«እንግዲያው አይጠጣም» ብለው ራሳቸው ሳቁ፤ ግን ደክሟቸው ነበር። ባልቴቷን መልሰው ሕክምና አስጀመሯቸው። የቀረውን ዓለም ማን ይዞረዋል?

ያን እሑድ የተናገሩት ሌላም ነገር አመጣ። ሽሮፑ ኃጢአት ነው ከተባለ በኋላ ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ይናዘዙላቸው ጀመር። የእኛ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ይጠጣሉ፣ ግን ተደብቀው አይቆርቡም። ስለዚህ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን እንደሚያመጣ፣ የት እንደሚሸጥ በከተማው ውስጥ ከመምሬ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሳቸው ደግሞ ሊናገሩ አይችሉም።

ሳሙኤል በዚህ መካከል ቅዳሴ ከቀረ ቆይቷል። ሳሉ ለቆታል፤ ሽሮፑ ግን አልለቀቀውም። መናኸሪያው አጠገብ ግንብ ተደግፎ፣ አገጩ ጉልበቱ ላይ ወድቆ፣ በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ አየዋለሁ። አንድ ቀን ስቀሰቅሰው ስሜን ረስቶታል። እጆቹ ከስተው ከእጅጌው ውስጥ ይዋኛሉ። አልቻልኩም። በማግሥቱ መምሬ ለሰላምታ ጎራ ሲሉ በሩን መለስ አድርጌ ያዝኳቸው።

«መምሬ፣ ለሳሙኤል የሚያመጣለት ማን ነው?»

«የሰማሁት ለእግዜር እንጂ ለእኔ አልተነገረም፣ ልጄ።»

«ልጁ እየሞተ ነው እኮ! ስም አይጥሩ። እኔ እጠራለሁ፤ ትክክል ስል ዝም ይበሉኝ፣ በቃ።»

«ዝምታዬንም አትስሚው» አሉኝ። ጥምጣማቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«አውቆ ዝም ማለት ምን የሚሉት ክህነት ነው? እኔ የማውቀውን ባልናገር ሰው ይሞታል። እርስዎ የሚያውቁትን ባለመናገርዎ ሰው እየሞተ ነው!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ለአባቴ እንኳ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አልተቆጡም፤ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና ወጡ። ጥምጣሙ ባንኮኒው ላይ ቀረ። በዚያ ነፋስ ራቁት ራሳቸውን ሲሄዱ አይቼ ሮጬ ደረስኩባቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን አልጠመጠሙትም። በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስግደታቸውን አየሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁሉም ሰው አየ። ሽማግሌው ከጽዱ ሥር በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ይተነፍሳሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። ግንባራቸው ተላጠ። ከተማው ማውራት ጀመረ፤ «መምሬ ምን ሠርተው ይሆን?» «በወጣትነታቸው ያጠፉት ነፍስ አለ ይባላል» እስከሚል ተደረሰ። እሳቸው ይሰማሉ፤ አያስተባብሉም። ቢያስተባብሉ የማን ነው መባሉ አይቀርማ። እኔ የማን እንደሆነ ባላውቅም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግማሹ ነው።

ቆይቼ ግን ግማሹ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። ሌላውን ግማሽ ሊሰግድ የመጣ ወጣት አንድም አላየሁም።

«እነሱስ የታሉ?» አልኳቸው ከኋላቸው ቆሜ።

«ይመጣሉ።»

«ካልመጡስ?»

«እስኪመጡ እንዳይከብዳቸው ነው» አሉኝና ተመልሰው ወደቁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ደረታቸውን ያዛቸው። ልጆቻቸው ደብረ ብርሃን ወስደው አሳክመው መለሷቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ከትራሳቸው ሥር ጠርሙስ አወጡ። «ለእኔም ሽሮፕ አዘዙልኝ፤ እይልኝ እስቲ። ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«እርግጠኛ ነሽ? ኋላ ቀኖና እንዳትሰጪኝ» ብለው ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ያዛቸው። ሲለቃቸው «ዲያቆን ሳሙኤልን አየሽው?» አሉ።

«አየሁት።»

«ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው።

ቀብራቸው ላይ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ወጣቶቹ አስከሬኑን ለመሸከም ይሽቀዳደሙ ነበር። እኔ ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ የትኛው ይሆን፣ ይኼ ይሆን፣ ያኛው ይሆን ስል ፍትሐቱን እንኳ በወጉ አልሰማሁም። ሳሙኤል ከግንቡ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ነበር። አላለቀሰም።

ከቀብሩ ትንሽ ቀናት አልፈው፣ በዝናብ፣ ሳሙኤል ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባ። ጋቢው ንጹሕ ነው። አፉን ሳይከፍት «የለም» አልኩት።

«ሽሮፕ አይደለም የፈለግኩት። ለመምሬ የነገርኳቸውን ላንቺ ልነግርሽ ነው።»

«እኔ ቄስ አይደለሁም ሳሙኤል። የነገርከኝን አልደብቅልህም።»

«ለሱ ነው የመጣሁት» አለኝ። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። «የምታመጣልኝ እማዬ ናት።»

እትዬ አስናቀች! መምሬ ካወገዙት ወዲህ የተዉት መስሎኝ ስንት ሰው ጠርጥሬ ነበር። የመኪና ረዳቶቹን፣ ባለ ሱቆቹን፣ ያልጠረጠርኩት አልነበረም።

«ልተው ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ስተወው ያንቀጠቅጠኛል፣ ያስመልሰኛል፣ አጥንቴ ሁሉ ይጮኻል። እሷ ይህን ስታይ ሊሞትብኝ ነው ትልና ሮጣ ገዝታ ትመጣለች። በማንኪያ ለክታ በእጇ ታጠጣኛለች። አታምጪ ስላት ታለቅሳለች፤ ከዚያ ታመጣለች። አንቺ ንገሪያት። የተማርሽ ነሽ፤ አንቺን ትሰማ ይሆናል።»

ገና ምን እንደምመልስለት ሳላስብ እትዬ አስናቀች ራሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ልጃቸውን ፍለጋ መውጣታቸው ነው። ለመምሬ የለበሱትን ጥቁር አላወለቁም። ሁለታችንን አይተው ገባቸው። እንዲቀመጡ ወንበር ሰጠሁና ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠርሙሱ እያዳነው ሳይሆን እየገደለው መሆኑን፣ መንቀጥቀጡ እንደሚያልፍ፣ ሐኪም ካየው ደግሞ እንደሚቀልለት ነገርኳቸው። ደብረ ብርሃን ድረስ እኔው አብሬያቸው እንደምሄድ፣ መድኃኒት ቤቱን እንደምዘጋ ተናገርኩ። እንዲህ አሳምሬ ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«መምሬም ይኼንኑ ነበር የሚሉኝ» አሉ ስጨርስ። «በሄድኩ ቁጥር። ሐኪም ይየው፣ አታምጪለት፣ ይሉኛል። እሺ ብዬ ምዬላቸው እወጣለሁ። ስግደቱንም እኔ እችልልሻለሁ፣ አንቺ ይችን ብቻ ቻይ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ዲያቆን እኮ ነው። ሱሰኛ ተብሎ ሐኪም ቤት ተኝቶ ተመልሶ መቅደስ ይገባል?» ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። «ደግሞም አንቺ ሲንቀጠቀጥ አላየሽውም» አሉኝ።

እትዬ አስናቀች ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ና እንጂ፣ ብርድ ይመታሃል» አሉት። ሳሙኤል አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ፤ ሌላ የምናገረው ነገር ካለኝ እየጠበቀ ነበር። አልነበረኝም። ጃንጥላውን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ከፈተላቸውና ሁለቱ ከሥሩ ተጠግተው በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ።